ግቢ እየተማሩ ደሴ ላይ ምን ሥራ ይሠራል? ካፌ ልግባ ወይስ ልጅ ላስጠና

የለጋምቦዋ፦

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ አካውንቲንግ 2ኛ ዓመት ነኝ። ቤተሰቦቼ ለጋምቦ ገጠር ናቸው፣ ዘንድሮ በልጉ እንደታሰበው ስላልሰጠ አባቴ በግ እየሸጠ ነው የሚልክልኝ፣ ስደውል "አንቺ ብቻ ተማሪ" ይለኛል እንጂ ስለቤቱ ምንም አይነግረኝም፣ የምሰማው ከእህቴ ነው። የግቢው ካፌ ተጠቃሚ ስለሆንኩ ምግብና ዶርም አለኝ አልሐምዱሊላህ፣ ግን ሳሙናው ሞዴሱ የሃንዳውት ኮፒው ዳታው ታክሲው ሲደመር ቀላል አይደለም፣ ይሄን ይሄን እንኳን ራሴ ብችለው አባቴ ትንሽ ይተነፍሳል።

አሁን ሁለት ነገር መጥቶልኛል። አንዱ ፒያሳ አካባቢ ካፌ ነው፣ አስተናጋጅ፣ ከ11 ሰዓት እስከ ማታ 3፣ ሳምንቱን ሙሉ፣ በወር 3,000 ብር እና ቲፕ። መታወቂያ መያዣ አስቀምጪ ብለውኛል። ሌላው ሰኞ ገበያ አካባቢ የ6ኛ ክፍል ልጅ ማስጠናት ነው፣ በሳምንት 3 ቀን ከ11 እስከ 12 ተኩል፣ 2,000 ብር እንከፍላለን ብለዋል። ብሩን ሳየው ካፌው ይበልጣል ቲፑም አለ፣ ጓደኞቼም ካፌው ይሻልሻል እያሉኝ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ደሞ ውጪ አገር ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተማሪውን ያሠራል ሲባል እሰማለሁ፣ እኛ ጋ እንደዛ አይነት ነገር አለ ወይ? የምታውቁ ካላችሁ በአላህ ንገሩኝ።

የቧንቧ ውሃው፦

ወዓለይኩም ሰላም እህቴ፣ አብሽሪ። እኔ ማትስ 4ኛ ዓመት ነኝ፣ ከ2ኛ ዓመት ጀምሮ እያስጠናሁ ነው የምማረው። አካውንቲንግ አይደለሽ፣ ሂሳቡን በሰዓት ስሪው። ካፌው በቀን 4 ሰዓት በ30 ቀን 120 ሰዓት ነው፣ 3,000 ለ120 ሲካፈል ሰዓቱ 25 ብር። ማስጠናቱ በወር 12 ቀን በአንድ ሰዓት ተኩል 18 ሰዓት ነው፣ 2,000 ለ18 ሲካፈል 111 ብር ገደማ። ቲፑ ደሞዙን እጥፍ ያደርገዋል ብለሽ ብታስቢ እንኳን ካፌው አይደርስበትም። ጓደኞችሽ የሚያዩት ወር ሲያልቅ እጅሽ ላይ የሚገባውን ነው፣ አንቺ ግን የምትሸጪው ሰዓት ነው፣ የቀረው 100 ምናምን ሰዓት ደግሞ ኮስትና ኦዲት የምታነቢበት ነው።

የ6ኛ ክፍል ልጅ መሆኑ ራሱ ጥሩ ነው ምክንያቱም 6ኛ እና 8ኛ ክልላዊ ፈተና ስላላቸው ወላጅ በነዚህ ክፍሎች ላይ ብር አይሰስትም፣ አንዱን ልጅ በደንብ ከያዝሽው ጎረቤት ራሱ እየመጣ ይጠይቅሻል። ማስታወቂያ አያስፈልግም፣ ደሴ እናቶች ቡና ላይ ነው የሚነጋገሩት።

ግን ማስጠናት ማለት የቤት ሥራ ሠርቶለት መምጣት አይደለም። እኔ አንዱን ልጅ መጀመሪያ ቀን 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ስለው ሳያመነታ 2/5 አለኝ፣ ላዩን ከላዩ ታቹን ከታቹ ደምሮ። ደብተሩ ላይ ግን ሁሉም ራይት ነው ምክንያቱም ከቦርድ ነው የገለበጠው። ከደብተሩ መሀል አንድ ወረቀት ገነጠልኩና ባንድ በኩል ለሁለት እጠፍ አልኩት፣ ከዛ በሌላ በኩል ለሦስት፣ ሲዘረጋው 6 ቤት ሆነ። ግማሹን አቅልም ስለው 3 ቤት፣ አንድ ሦስተኛውን ቁጠር ስለው 2 ቤት፣ ድምሩ ከ6 ቤት 5 ሆነ። ልጁ ወረቀቱን እያገላበጠ "እንዲህ ነው እንዴ!" ሲል እናቱ ከጓዳ ሰምታ ብቅ አለች። ከዛ ቀን በኋላ ስለ ክፍያ እኔ አንስቼ አላውቅም። ስለዚ መጀመሪያ ቀን ደብተሩን አትመኚው፣ ባዶ ወረቀት ስጪውና የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ጥያቄ አሠሪው፣ ጉድለቱ ሁሌ እዛ ነው ያለው።

እህታችሁ ከከሚሴ፦

እኔ ተመርቄ ሥራ ላይ ነኝ፣ ግቢ እያለሁ ካፌ ሠርቻለሁ፣ ስሙን አልጠራም። የለጋምቦዋ እህቴ መታወቂያውን በጭራሽ እንዳትሰጪ!! የትኛውን መታወቂያ ነው ያሉሽ? የግቢውን ከሆነ እኮ በር ላይ በሱ ነው የምትገቢው ምሳሽንም በሱ ነው የምትበዪው፣ እሱን ይዘው ምን ልትሆኚ ነው። የቀበሌውን ወይ ፋይዳውን ከሆነም ፎቶ ኮፒውን ውሰዱ በያቸው፣ ለማንነት ማረጋገጫ ኮፒ ይበቃል። ዋናውን ካልያዝን የሚል ሰው ቀርተሽ ደሞዝሽን ስትጠይቂ መታወቂያሽን የሚያስለምንሽ ሰው ነው።

ሁለተኛ ነገር ብርጭቆ ተሰበረ፣ ሰው ሳይከፍል ወጣ፣ ሂሳብ ጎደለ እያሉ ከደሞዝ ይቆርጣሉ። እኔ በነበርኩበት ቤት ወሩ መጨረሻ ላይ አንድ ደብተር ይወጣና የማላውቀው ሁሉ ተጽፎ አገኛለሁ። በኋላ ሕግ የተማረች ልጅ ነች ያሳየችኝ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 በሕግ ወይ በፍርድ ቤት ወይ በኅብረት ስምምነት ወይ በሥራ ደንብ ካልሆነ ወይ አንቺ በጽሑፍ ካልተስማማሽ አይቆረጥም ይላል፣ ቢቆረጥም ባንዴ ከወር ደሞዝሽ ከሲሶው መብለጥ አይችልም። ውል በጽሑፍ ካልተዋዋላችሁም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተስማማችሁበትን ጽፎ ፈርሞ ሊሰጥሽ ይገባል። ይሄን ሁሉ ፊታቸው ላይ ማንበብ አለብሽ አላልኩም፣ ግን "ሰዓቱን ደሞዙንና የእረፍት ቀኑን ትጽፉልኛላችሁ?" ብለሽ ስትጠይቂ የሚሰጡሽ መልስ ቤቱን ይነግርሻል። ሳምንቱን ሙሉ የሚሉት ራሱ ልክ አይደለም፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ሕግ ነው።

ለግብር ነው እያሉ የሚቆርጡም አሉ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ደሞዝ ግብር የለበትም፣ ከዛ በላይ ያለው እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ ነው፣ ስለዚ የ3,000 ብር ግብር 150 ብር ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ "የመንግሥት ነው" ካሉሽ ደረሰኝ ጠይቂ።

ሦስተኛ እና ለኔ ዋናው ማታ 3 ሰዓት ነው። 3 ሰዓት ማለት ሂሳብ አስረክበሽ ጠርገሽ ስትወጪ 3 ተኩል ነው፣ አሁን ባለው ሁኔታ ባጃጅ በጊዜ ነው የሚገባው፣ የግቢው በርም አይጠብቅሽም። ሴት ልጅ ብቻዋን በዛ ሰዓት መንገድ ላይ ስትቆም ማን "ላድርስሽ" እንደሚላት ሁላችንም እናውቃለን። ከ8 እስከ 12 የሚያሠራ ካፌ ብታገኚ ሌላ ነገር ነው፣ ሥራው ራሱ ክፉ አይደለም፣ ከሰው ጋ መግባባት ያስተምራል፣ ሰዓቱ ነው ክፉው።

ኮፒ ቤት ያለኝ፦

ልጄ እንደምን አለሽ። እኔ ደሴ ላይ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለኝ፣ ብዙ ተማሪ አብሮኝ ሠርቷል፣ ጎበዝ ጎበዞቹን አሁንም እየደወልኩ እጠይቃቸዋለሁ። ማስጠናቱን ያዢ የሚሉሽ ልጆች ልክ ናቸው፣ እኔ የምጨምርልሽ ቅዳሜ ቅዳሜን ነው።

የኮፒ ቤት ሥራ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ፈተና ሲቀርብና 4ኛ ዓመቶች ሪሰርች ሲያስገቡ ሰው በር ላይ ይሰለፋል፣ ያኔ አንድ ሰው ሳይሆን ሦስት ሰው ብቀጥር ደስ ይለኛል፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። እና እኔ የምፈልገው ፈጥኖ የሚታይፕ ብቻ አይደለም፣ እሱማ ሞልቷል፣ ዎርድን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ነው የጠፋው። ተማሪው 60 ገጽ ሪሰርች ይዞ ይመጣል፣ ማውጫውን በእጁ ነጥብ ነጥብ እየደረደረ ነው የሠራው፣ አማካሪው አንድ አንቀጽ ጨምር ሲለው የገጹ ቁጥር በሙሉ ይዛባና ሌሊቱን ሙሉ ሲያስተካክል ያድራል። ርዕሶቹን በሄዲንግ አስይዘሽ ማውጫውን አውቶማቲክ ብታደርጊለት፣ የፊት የፊቱን ገጽ በሮማን ቁጥር ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ ደግሞ በ1 2 3 እንዲጀምር ሴክሽን ብሬክ ብታስገቢለት ግማሽ ሰዓት አይፈጅብሽም፣ ተማሪውም ደስ ብሎት ይከፍላል። ይሄን በስልክሽ ዩቲዩብ አይተሽ ላይብረሪ ኮምፒውተር ላይ ተለማመጂው፣ መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይጠፋብሽም ቶሎ ቶሎ ሴቭ ማድረግ ልመጂ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በእጁ ጽፎ ያመጣውን መታየብ፣ ቅርጹን ማስተካከል ሐላል ሥራ ነው። "አሳይንመንቴን ሥሪልኝ፣ ሪሰርቼን ጻፊልኝ" የሚል ይመጣብሻል፣ ብሩም ጥሩ ነው፣ እሱን እንዳትነኪ። የልጁን ትምህርት መስረቅ ነው፣ ከተነቃም አንቺም ከግቢ ትወጫለሽ። እኔ ቤት ይሄን የሚሠራ ልጅ ሁለተኛ ቀን አይውልም።

ደግሞ አካውንቲንግ ነሽ። ሰኞ ገበያ ላይ ሸቀጡን በሞላ በጭንቅላቱ ይዞ የሚያድር ነጋዴ ስንት አለ መሰለሽ፣ ዱቤውን በካርቶን ጀርባ የሚጽፍ። የቀን ሽያጩን ወጪውንና ዱቤውን በመዝገብ ይዞ ወር ሲሞላ "ይሄን ያህል አተረፍክ፣ እገሌ ጋ ይሄን ያህል አለህ" የሚለው ሰው ቢያገኝ ይከፍላል። ሳምንት አንድ ከሰዓት ይበቃል። 3ኛ ዓመት ስትገቢ ሞክሪው፣ ለሲቪሽም ከአስተናጋጅነት የበለጠ ይናገራል።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ፦

ፓርኩን የሚያነሳ ሰው ስለማይጠፋ ቀድሜ ልናገር፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሐምሌ 2009 ጀምሮ አለ ግን ለተማሪ ፓርት ታይም የሚሆን አይደለም። ፋብሪካ በሙሉ ሺፍት ነው፣ በቀን 8 ሰዓት በሳምንት 48፣ ግማሽ ቀን ልሥራ ብትይ መስመሩ ላይ ያለው ማሽን ባዶ ስለሚሆን አይቀበሉሽም። ከ2014ቱ ጦርነትና አጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድሉ) ከተቋረጠ ወዲህ ደግሞ ለሙሉ ሰዓትም እንደድሮው አይቀጥሩም። አንቺ ደሴ ሆነሽ በሐረጎ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደሽ ወጥተሽ አይሆንም። እረፍት ላይ ዘመድ ጋ ካረፍሽ ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ያሉ ልጆች የሚሠሩት ስልክና ላፕቶፕ ጥገና፣ ኦቶካድ ሥዕል፣ ዳታ ኮሌክሽን (ለጥናት መረጃ መሰብሰብ) ሲመጣ ደግሞ እሱን ነው። ዳታ ኮሌክሽን የሚከፍለው በየቀኑ ሂሳብ ስለሆነ ጥሩ ነው ግን ገጠር ወርደሽ የምታድሪበት ጊዜ አለ፣ ክላስ ያስቀራል፣ እረፍት ላይ ብቻ ውሰጂው።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦

እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዛው ነው፣ አሁን አሜሪካ ነው የምማረው፣ በዲቪ ነው የመጣሁት። ስለጠየቅሽው ነገር፣ እዚህ ወርክ ስተዲ የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የቤተሰብሽን ገቢ የሚያሳይ ፎርም ትሞያለሽ፣ አቅም እንደሌለሽ ከታየ ከሌላው እርዳታ ጋ አብሮ "በዓመት እስከዚህ ድረስ ሠርተሽ ማግኘት ትችያለሽ" ተብሎ ይመደብልሻል። ብሩ ዝም ብሎ አይሰጥም፣ ሠርተሽ ነው በሰዓትሽ የሚከፈልሽ፣ ክፍያው ከፌዴራሉ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ7.25 ዶላር በታች መሆን አይችልም። እኔ ላይብረሪ ነበርኩ፣ የተመለሱ መጻሕፍትን በጋሪ እየገፋሁ በቁጥራቸው መደርደሪያ ላይ እመልሳለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ዴስክ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሰው ካልመጣ እዛው አጠናለሁ። አለቆቼ ፈተና ሲደርስ ሰዓቴን ራሳቸው ይቀንሱልኛል ምክንያቱም ሥራው የተፈጠረው ለተማሪ ነው።

ግን ሁሉም አያገኘውም፣ በጀቱ ካለቀ አለቀ። በተማሪ ቪዛ የሚመጡ ልጆችም ይሄ ፕሮግራም አይመለከታቸውም፣ እነሱ ግቢ ውስጥ ሌላ ሥራ መሥራት ይችላሉ፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት መብለጥ አይፈቀድም። ወሎ ሆናችሁ ወደዚህ ለመምጣት የምታስቡ ልጆች ይሄን እወቁ፣ እየሠራሁ እከፍላለሁ ብሎ በተማሪ ቪዛ መምጣት አይቻልም፣ 20 ሰዓት የትምህርት ክፍያ አይሸፍንም።

እና እኔ ሁሌ የሚቆጨኝ፣ እኛ ጋስ ላይብረሪው ሰው አይፈልግም? ላቡስ? 1ኛ ዓመቶችንና ሪሚዲያል ልጆችን ማትስ የሚያስረዳ ሲኒየርስ? አባቱን በግ እያሸጠ የሚማር ልጅ በሳምንት 8 ሰዓት እዛው ሠርቶ ሳሙናውን ቢችል ምን ነበረበት። የተማሪ ኅብረቱ ይሄን ነገር ይዞ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፣ ከምሬ ነው።

መምህር ነኝ፦

የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው፣ እኔ ስለ ክፍሉ ልናገር። እንደዛ አይነት ቋሚ የሥራና ትምህርት ፕሮግራም እኛ ጋ በሥርዓት ተዘርግቶ አላየሁም፣ ያለው በኮስት ሼሪንግ መማርና አቅም ለሌላቸው የሚደረግ ድጋፍ ነው። ሴት ተማሪ ስለሆንሽ የሥርዓተ ፆታ ቢሮውን ሄደሽ አነጋግሪ፣ የተማሪዎች ዲንንም እንዲሁ፣ የበጎ አድራጎት ክበቡም የሳሙናና የንፅህና መጠበቂያ ድጋፍ ሲያገኝ ስማቸውን ለያዘላቸው ነው የሚሰጠው። ብዙ ልጆች አፍረው አይሄዱም፣ እባክሽ አትፈሪ፣ ቢሮዎቹ የተከፈቱት ላንቺ ነው።

ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ማንም ተማሪ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ ሳያመጣ ዲግሪውን አይወስድም። የሚጠየቀው ከ1ኛ ዓመት ጀምሮ የተማርሽው ነው፣ በተለይ 2ኛ እና 3ኛ ዓመት ላይ ያሉት ዋና ዋና ኮርሶች። 4 ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ሠርተው ኮርሱን እየተንጠላጠሉ ያለፉ ልጆች መጨረሻው ላይ ምን እንደሚሆኑ አያለሁ፣ ያሳዝኑኛል፣ ጎበዝ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ክላስ ላይ በእንቅልፍ የሚያስቀምጥሽን ሥራ ማንም ምንም ያህል ቢከፍልሽ አትያዢ። ማስጠናቱ ቢያንስ ጭንቅላትሽን ክፍት ያደርገዋል።

የለጋምቦዋ፦

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ እንዲህ ይመልሱልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ሂሳቡን ሠርቼ ለጓደኞቼ ሳሳያቸው እነሱም ዝም አሉ። ካፌውን ትቼዋለሁ፣ ለልጁ እናት ደውዬ እሺ ብያታለሁ፣ ማክሰኞ እጀምራለሁ ኢንሻአላህ። ጋሼ የኮፒ ቤቱ፣ ያሉኝን ማውጫ አሠራር ዛሬ ላይብረሪ ሞክሬው ሠራልኝ፣ ፈተና ሲቀርብ ቅዳሜ ቅዳሜ ይፈልጉኝ ይሆን? መምህር የነገሩኝንም ቢሮ ሰኞ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ የቧንቧ ውሃው ወንድሜ፣ ብሩን ወር ሲያልቅ ነው ወይስ ቀድሜ ልጠይቅ? ማንሳቱ አሳፈረኝ።

ኮፒ ቤት ያለኝ፦

ልጄ ነይ፣ ፈተና ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ብቅ በይ፣ ማሽኑን አሳይሻለሁ። ክፍያው በቀኑ ነው፣ ማታ ሳትሄጂ ትቀበያለሽ።

የቧንቧ ውሃው፦

መጀመሪያ ቀን ነው የሚወራው፣ ከዛ በኋላ ይከብዳል። "ግማሹን አሁን ግማሹን ወር ሲሞላ ቢሆንልኝ" በያት፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው፣ ማንም አልተቀየመኝም። የሚድና የፋይናል ሳምንትሽንም ካሁኑ ንገሪያት፣ የቀረሽበትን ቀን ቅዳሜ ጠዋት እንደምታካክሺ ጭምር። የምታስጠኚበትን ቀን በአጭር ደብተር ላይ እየጻፍሽ እናቱን አስፈርሚ፣ ወር ሲያልቅ ስንት ቀን መጣች የሚል ክርክር አይኖርም። ልጁ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት ባዶ ወረቀት ላይ ምን እንደሠራ እዚህ ጻፊልን፣ የቱ ጋ እንደሚጀመር አብረን እናየዋለን።